የሜልኮል መስኮት

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ዝናብ አባሮን ጀበና ቡና ወደሚፈላባት ጠባብ ቤት ገባን። ወዳጄ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የዚያን ዕለት ፊቱ ከሰማዩ የባሰ ጠቁሯል። ምን ሆነሃል ብዬ ብወተውተው ለዶክትሬት ጥናቱ ያቀረበው ርዕስ መውደቁን ነገረኝ። ሊያጠና ያሰበው በዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ጭፈራና የሰውነት እንቅስቃሴ ምን ሥራ እንደሚሠሩ ነው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ»፣ የሰለሞን ደሬሳን «ልጅነት»፣ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» መርጧል። ሐሳቡን ሲያስረዳ ከገምጋሚዎቹ አንዱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ለእስክስታማ እዚህ ድረስ ምን አደከመህ? ካዛንቺስ አይቀርብህም ነበር?» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እውነቱን ልናገርና እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ የተቀመጥነውም እዚያው ካዛንቺስ ነው። ወዳጄ ግን አልሳቀም። ሲኒውን አስቀመጠና፣ «አንተም?» አለኝ።

ያቺ «አንተም?» ሌሊቱን አላስተኛችኝም። ሰው በገዛ ሳቁ እንቅልፍ ሲያጣ ከሳቁ በስተጀርባ አሮጌ ዕዳ አለ ማለት ነው። የኔን ዕዳ ከመናገሬ በፊት ግን ገምጋሚው ሳያውቁት የጠየቁትን ጥያቄ በወጉ ላስቀምጠው። አካል የሚያውቀው ነገር ዕውቀት ነው ወይስ አይደለም? ካልሆነ፣ በየሠርጉና በየዓመት በዓሉ ከመቀመጫችን ለምን ያስነሳናል? ከሆነስ፣ ባለቤቱን ለምን እንንቀዋለን?

መናቃችንን የሚጠራጠር ካለ «ጨፋሪ» የሚለውን ቃል ያስብ። «ልጅሽ ምን ሆነ?» ተብላ «ደራሲ ሆነ» የምትል እናት ቢያንስ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ድህነቱን ብታውቀውም። «ጨፋሪ ሆነ» የምትለዋ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ልጃችን በሠርጋችን ላይ ሲጨፍር እልል እንላለን። ሥራዬ ብሎ የያዘው ቀን ሽማግሌ እንልክበታለን።

አሁን ወደ ዕዳዬ።

ያደግሁት ቂርቆስ ነው። ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም.፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ታላቅ እህቴ፣ እታለም እያልኩ የምጠራት፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ለስብሰባ እየተባለች ወደ ቀበሌ ትሄዳለች፤ ስብሰባው ጭፈራ መሆኑን ከአባታችን በቀር የማያውቅ አልነበረም። አባታችን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ክራቫት የሚያስር፣ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ። ለሱ ትምህርት ማለት አንገት ደፍቶ ማንበብ ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለማነብ የቤቱ ተስፋ እኔ ነበርኩ። «ከወንድምሽ ተማሪ» የምትለዋን ቃል እታለም ከእንጀራ ጋር ነው የበላቻት።

አንድ ቅዳሜ ምሽት አባባ ጠረጠረና፣ «ሂድና ምን እያደረገች እንደሆነ አይተህ ና» ብሎ ላከኝ። የቀበሌው አዳራሽ በር እስኪጣበብ ሰው ሞልቷል። ዞሬ በጓሮ በኩል በመስኮት ተንጠለጠልኩ። እታለም መሐል ላይ ነበረች። አንገቷ ጸጥ ብሏል፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ትከሻዋ ግን የሚናገረውን ይናገራል። ከበሮው ሲፈጥን ቀድማው ትሄዳለች፤ ይለፋት ብሎ ሲዘገይ ቆማ ትጠብቀዋለች። አዳራሹ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በእልልታ ተናወጠ። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ቤት ስገባ አባባ፣ «እህስ?» አለኝ። «እየተለማመደች ነው» ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን፣ «ትጨፍራለች። ሰው ይስቅባታል» አልኩት።

ማንም አልሳቀም ነበር።

አባባ በማግሥቱ ከኪነቱ አስወጣት። «ልጄ የሰው መሣቂያ ሆና በየት በኩል ነው ለቅሶ ቤት የምቀመጠው?» ሲል ትዝ ይለኛል። እታለም የጽሕፈት መኪና ተማረች፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና እስከ ጡረታዋ ሠራች። እኔ ሥነ ጽሑፍ አጠናሁ። ለምን እንደዋሸሁ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ብልጥ ተብዬ በተመሰገንኩበት ቤት ውስጥ፣ እኔ በመጽሐፍ ፈልጌ ያላገኘሁትን ነገር እህቴ በትከሻዋ ይዛው አየሁ። ቀናሁ። ቅናቴንም በአባቴ ቋንቋ፣ በንቀት ተናገርኩት።

እንግዲህ በዚያ ቡና ቤት የሳቅሁት ሳቅ ያኔ በእህቴ ላይ ፈጥሬ የተናገርኩት ሳቅ ነበር። አርባ ዓመት ዘግይቶ መጣልኝ።

በነጋታው ወዳጄ ያነበባቸውን መጻሕፍት ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። ርዕሱን ከሜዳ አላነሳውም ለካ። ሱዛን ጆንስ የምትባል የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ምሁር አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሞደርኒዝም ዘመን ሥነ ጽሑፍና ዳንስ ስለነበራቸው ዝምድና ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳትማለች። የገረመኝ ግን ሴትየዋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የመጣችበት መንገድ ነው። ምሁር ከመሆኗ በፊት በስኮትላንድ የባሌ ቡድን ውስጥ ዳንሰኛ ነበረች። ከመድረክ ወርዳ ወደ መጻሕፍት ስትገባ የመድረኩን ዕውቀት በር ላይ አውልቃ አልገባችም።

የመጽሐፏ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጸሐፊዎችና ዳንሰኞች አንዱ ከሌላው ሲማሩ ኖረዋል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ማላርሜ ዳንሰኛዋን በአካሏ እንደምትጽፍ ሰው ነው የሚያያት። ግንቦት 1913 ፓሪስ ውስጥ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ ኒጂንስኪ ያቀናበረው «የጸደይ ሥርዓት» ሲታይ ተመልካቹ ጮኸ፣ አፏጨ፣ ተደባደበ። ዳንሰኞቹ እንደ ወጉ በጣታቸው ጫፍ በመንሳፈፍ ፈንታ እግራቸውን ወደ ውስጥ አዙረው መሬቱን ይረግጡት ነበር። ገጣሚው ቲ ኤስ ኤልየት ይኸንኑ ሥራ በ1921 ለንደን ላይ አይቶ ጻፈበት፤ በማግሥቱ ዓመት የዘመኑን ግጥም የለወጠው ረጅም ግጥሙ ታተመ። ግጥሙ ከጭፈራው ተወለደ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ ሁሉ አንባቢ እንደ ሊቅ የሚያየው ሰው ዳንስ ለማየት ሲቀመጥ የሚማረው ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር።

«ይኸ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እንግዲያውስ ወደ ግዕዛችን እንሂድ። ዛሬ «ዘፈነ» ስንል በአፉ አዜመ ማለታችን ነው። በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ ማለት ነው። ቃሉ ከእግር ተነስቶ አፍ ላይ ወጣ፤ ወጥቶም እዚያው ቀረ፤ እግሩን ረሳው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አሮጌውን ግስ ይዞ በመቅረቱ፣ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘፈነ የሚለውን ስናነብ ብዙዎቻችን በገና ይዞ ሲያዜም ይታየናል። ዳዊት ግን እየጨፈረ ነበር፤ ያውም ባለ በሌለ ኃይሉ። ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት ሆና አየችው። አይታም በልቧ ናቀችው።

ይህችን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። መስኮቷን ግን ልብ ያልኳት አሁን ነው። ሜልኮል ያልሆነ ነገር አላወራችም፤ በዚህ ከኔ ትሻላለች። ጥፋቷ የቆመችበት ቦታ ነው። ከሩቅ ያለ ሰው አያይምና አይንቅም። ከመሐል ያለ ሰው እየጨፈረ ነውና መናቂያ ጊዜ የለውም። ንቀት የሚበቅለው በመስኮት ነው፤ ለማየት በሚበቃ ቅርበት፣ ላለመነካት በሚበቃ ርቀት። ተማርን የምንል ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜያችንን የምናሳልፈው እዚያው መስኮት ላይ ነው።

ለመሆኑ የኛ ሊቃውንት አካልን ይንቁት ነበር? በፍጹም። ጥር 15 ቀን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ የሄደ ሰው ያውቃል። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ሆነው ሲቆሙ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ከበሮው ከዝግታ ተነስቶ ሲፋጠን፣ ያ ሁሉ ሰውነት እንደ አንድ ሰው ሲያዘነብልና ሲቃና የሚታየው ነገር የዘፈቀደ ውዝዋዜ አይደለም። ትምህርት ቤት አለው። ስሙም አቋቋም ይባላል። ልብ አድርጉልኝ፤ ቅኔ ቤት እንዳለ ሁሉ አቋቋም ቤትም አለ። አንድ ተማሪ መቼ መቋሚያውን እንደሚያነሳ፣ መቼ እንደሚዘም፣ መቼ እንደሚያሸበሽብ ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ የሚለይ ሥርዓት አለው፤ ተክሌ የሚባል ሌላ ስልትም አለ። የቆመበትን የማያውቅ ተማሪ በመምህሩ ፊት ይታረማል። ፈተናው በወረቀት አይደለም፤ በአካል ነው። «አካል የሚያውቀው እንዴት ይፈተናል?» ለሚል ሰው መልሱ ከብዙ ትውልድ በፊት ተሰጥቷል።

ግጥማችንም ቢሆን አካሉን አልካደም። ቤት «ይመታል» እንላለን። ስለ ግጥም «ምት» እናወራለን። መምታት የእጅና የእግር ሥራ ነው፤ ግጥማችን ጭብጨባና ርግጫ ከበዛበት መሐል እንደመጣ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ሰለሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም የለመድነውን የስንኝ ልክ ስላልጠበቀ ብዙ ሰው ተቆጣው። ወዳጄ ሊያጠና የፈለገው ይኸንን ነበር። ገጣሚው ምቱን ሲሰብረው አካሉን ጣለው ወይስ ሌላ አካል ፈለገለት? ጭብጨባውን ትቶ እስትንፋሱን ተከተለ ይሆን? ይኸ ለሳቅ የሚሆን ጥያቄ ይመስላችኋል?

አዝማሪን ደግሞ ተመልከቱ። «አዝማሪ» እና «መዝሙር» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው የወጡ። አንዱን ልጅ ከቤተ መቅደስ አስገባነው፤ ሌላውን ከደጅ አቆምነው። ደጅ የቆመውን ባዕድ ገዢ ሳይቀር በቁም ነገር ነው ያየው። ግራዚያኒ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ጠንቋይና አዋቂ ከሚባሉት ጋር በየመንደሩ እየዞሩ የሚያዜሙትንም እየያዙ እንዲረሽኑ አዝዞ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በዚያው ዘመን ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው፣ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምህጻር። በኋላ እዚያው ሠፈር የአዝማሪ ቤቶች በረድፍ ተከፈቱ። ጠላት አዝማሪውን ፈራው። እኛ ናቅነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያሳፍር አላውቅም።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ከገምጋሚው ወገንም ልቁም። ሁለት ነገር ሊሉ ይችላሉ። አንደኛው፣ «ጭፈራ ለፖለቲካ መሣሪያ ሲሆን አላየህም? ያ የቀበሌ ኪነት የማን ማስታወቂያ ነበር?» የሚል ነው። ልክ ናቸው። እታለምና ጓደኞቿ ከጭፈራው በፊት መፈክር ያሰሙ ነበር፤ መስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ያ ሁሉ ወጣት በአንድ ትእዛዝ ሲዞርና ሲታጠፍ አይተናል። አካል ሊታዘዝ ይችላል። ግን በዚያው ዘመን ብዕርም ታዟል። ስንት የውዳሴ ግጥም እንደተጻፈ ጋዜጦቹ ይናገራሉ። በዚያ ምክንያት ሥነ ጽሑፍን ከዩኒቨርሲቲ አላስወጣነውም። የታዘዘ ብዕር ሲያጋጥመን ደራሲውን እንወቅሳለን፤ የታዘዘ ትከሻ ሲያጋጥመን ግን ትከሻን በሙሉ እንወቅሳለን። ይኸ ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው ይከብዳል። «ሁሉ ነገር የግድ ጥናት መሆን አለበት ወይ? ጭፈራ በግርጌ ማስታወሻ ሲታሰር አይሞትም?» ቢሉኝ ዝም ብዬ አስባለሁ። ጥናት ጭፈራን አያሳድገውም፤ አቋቋምም ያለ ዶክትሬት ኖሯል። ሆኖም ሳንጽፍ የቀረነው አክብረነው አይደለም። ሌሎች መጥተው ጽፈውታል። ጆርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ ሁለት ሃንጋሪያውያን እ.ኤ.አ. በ1965 መጥተው ጭፈራችንንና ሙዚቃችንን መዝግበዋል። ቲቦር ቫዳሺ የሚባል ሌላ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1973 በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ስለ ባህላዊ ውዝዋዜያችን ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቷል። ትከሻው የኛ ሲሆን የትከሻውን ነገር ለማንበብ ወደ እንግሊዝኛ መሄዳችን ብቻውን ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

ንቀት በአዋጅ አይጠፋም እንጂ ቢጠፋ ኖሮ ድሮ በጠፋ። አፄ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ባለእጁን ሁሉ የሚሰድብ ሰው እንዲቆጠብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከተሰዳቢዎቹ መካከል የሚጽፍ ሰውም ነበረበት፤ ጠንቋይ እየተባለ። ዛሬ ጸሐፊውን ከዚያ ስድብ አውጥተነዋል። እሱ ግን ከወጣ በኋላ መሰላሉን ወደ ላይ ሳበው። እንዲህ የምለው ራሴን ጨምሬ ነው።

መሰላል ሳይጠብቁ የወጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ከአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥራ «አዱኛ» የሚባል የዳንስ ቡድን አፈራ፤ አካል ጉዳተኞችም አብረው ጨፍረውበታል። ከዚያ ቡድን የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ከታወቀው ጃፓናዊ የዳንስ ሰው ከሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመርጧል። ካዛንቺስ ደግሞ መላኩ በላይ ነበረላት። በልጅነቱ ጎዳና ላይ ኖሯል፤ ፈንድቃ በሚባለው አዝማሪ ቤት ከባንኮኒ ሥር እያደረ ለዓመታት በሽልማት ብቻ እንደጨፈረ ራሱ ተናግሯል። በኋላ ቤቱን ተረክቦ የሥዕል፣ የግጥምና የሙዚቃ ማዕከል አደረገው። የፈረንሳይ መንግሥት ለእስክስታው ኒሻን ሸልሞታል። የኒሻኑ ስም ምን መሰላችሁ? የኪነ ጥበባትና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን። ለጨፋሪውም ለደራሲውም አንድ ኒሻን! የኛ ገምጋሚዎች ሁለቱን በአንድ የጥናት ርዕስ ውስጥ ማስቀመጥ ቸግሯቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የፈንድቃ ግቢም አብሮ ሄደ። ሥራው በሌላ ቦታ ቀጥሏል፤ ሰዎቹ አሉ። ከተማ መታደስ የለበትም የሚል ሙግት ውስጥ አልገባም። ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። መጽሐፍ በካርቶን ታሽጎ ቤት ይቀይራል። አካል የሚያውቀው ነገር ግን በካርቶን አይታሸግም። ባለቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ የሚያይለት፣ የሚያጨበጭብለት፣ ሲሳሳት «ተው እንጂ!» የሚለው ሰው ካልተከተለው እየደከመ ይሞታል። ጭፈራ ጎረቤት ይፈልጋል። ይኸን ለማወቅ ዶክትሬት አያሻም፤ የተበተነ ሠፈር ይበቃል።

እታለምም ከተበተኑት አንዷ ናት። ትዳር ይዛ ለሠላሳ ዓመት ያህል የኖረችው ካዛንቺስ ነበር። አሁን ያለችው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ለዓመት በዓል ልጠይቃት ሄድኩ። ወዳጄ ርዕሱን አስተካክሎ መልሶ ማስገባቱን ነገርኳት፤ በሳቁ ጀምሬ ሁሉንም አወራሁላት። ከዚያ የምናገረው አለቀብኝ። ያለቀብኝ የቀረችው አንዲት ነገር ስለሆነች ነው።

«እታለም፣ ያኔ ለአባባ የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ረከቦቱን እያስተካከለች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ «አውቃለሁ» አለች። «መስኮቱ ላይ አይቼሃለሁ። ያልከውንም አባባ ያንኑ ሌሊት ነግሮኛል።»

«ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«ምን ልበልህ? ልጅ ነበርክ።» ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አነሳችው፤ ቡናውን ግን አልቀዳችም። «ሰው ይስቅባታል ያልከው ነገር ግን ገብቶ ተቀመጠብኝ። እልልታው ለኔ የመሰለኝ ለካ ለማሾፍ ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ነው የኖርኩት። ሠርግ ላይ እንኳ ጎትተው ካላስነሱኝ አልነሳም።»

እኔ የመሰለኝ የወሰድኩባት ኪነቱን ነበር። ኪነቱስ ቢሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዘመኑ ጋር መፍረሱ አልቀረም። የወሰድኩባት ግን ስለ ራሷ የምታውቀውን ነው። አካሏ ትክክል መሆኑን ነግሯት ነበር፤ እኔ በአንዲት የቃል ሐሰት አስካድኳት። ከቃልና ከአካል የትኛው ይበልጥ ይታመናል ቢባል ሁላችንም ቃልን ነው የምናምነው። እሷም አመነችው።

«ማንም አልሳቀም» አልኳት። «አንዲት እናት ሲያለቅሱ አይቻለሁ።»

ዝም አለች። ከዚያ እንደ ልጅ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «እና ጥሩ ነበርኩ?» አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሥራ የሰው ድርሰት አንብቦ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ማለት ነው። በስንቱ ላይ ጽፌአለሁ። ያየሁትን አንድ ትልቅ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለባለቤቱ አልተናገርኩም።

«ከዚያ ወዲህ እንደሱ ያለ አላየሁም» አልኳት።

ቡናውን መቅዳት ጀመረች። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ቀጥ ብሏል።

«ታዲያ እሱን ነበራ ለአባባ መንገር!» አለችኝ።